ምዕራፍ 7፦ መኪናውን የሚመርጠው ግንዱ ነው

አዲስ አበባ ልደታ ውስጥ ለዛፍ ሥራ የሚመጣ ጥሪ ብዙውን ጊዜ ይመሳሰላል። ከአብነት ወደ ውስጥ በሚገባ ቅያስ ላይ የቆርቆሮ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ጀርባ ቤቱ ሳይሠራ በፊት የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ ከሥሩ ኩሽና፣ ከአናቱ አጠገብ የመብራት ሽቦ። ባለቤቶቹ ዛፉ በሰላም እንዲወርድላቸው ይፈልጋሉ፤ ከወረደ በኋላም ከግቢው ተጠርጎ እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ስለ መውረዱ ባለፉት ሁለት ምዕራፎች ተነጋግረናል። በምዕራፍ 5 ቅርንጫፍ ከየት ላይ መቆረጥ እንዳለበት፣ በምዕራፍ 6 ደግሞ ገመድና ቀበቶ ሰውን ዛፍ ላይ እንዴት አጥብቀው እንደሚይዙ አየን። አሁን የምንነጋገረው ስለ መውጣቱ ነው።

ይህን ሥራ በማኅበር ተደራጅተው ወይም በግላቸው ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ መኪና ነው። ፒካፕ ይበቃል? አይሱዙ ኤንፒአር ይሻላል ወይስ ኤፍኤስአር? ገልባጭ ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁን የሚወስደው መኪናው ነውና። መልሱ ግን ከመኪና መሸጫ ግቢ አይገኝም። የሚገኘው ከተቆረጠው ዛፍ ክምር ነው። በዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ማስረዳት እፈልጋለሁ፦ ከአንድ ዛፍ ሁለት ዓይነት ጭነት ይወጣል፤ አንደኛው መኪናውን በስፋቱ፣ ሁለተኛው በክብደቱ ያሸንፈዋል። ይህ ከገባዎት የመኪናውም የመሣሪያውም ምርጫ አብዛኛው አልቋል።

ጭድና ጤፍ

ከአውድማ የሚመለሱ ሁለት አህዮችን ያስቡ። አንደኛዋ ጭድ ተጭናለች። ጭነቱ ከጆሮዋ በላይ ቆሟል፣ በግራና በቀኝ ተንዘርፍጦ መንገዱን ሞልቷል፣ አህያዋ ራሷ አትታይም። ሁለተኛዋ በጎንና በጎኗ ጤፍ የያዙ ሁለት ከረጢቶች ብቻ ተጭናለች። ለማያውቅ ሰው የምታሳዝነው የመጀመሪያዋ ናት። ገበሬው ግን ወገቧ የሚጎብጠው የትኛዋ እንደሆነ ያውቃል። ጭዱን የሚወስነው ቦታ ነው፤ ሌላ እፍኝ ለመጨመር አህያዋ አቅም አላጣችም፣ ጭዱ ግን የሚያርፍበት አጣ። ጤፉን የሚወስነው ጉልበት ነው፤ ጀርባዋ ላይ ገና ብዙ ባዶ ቦታ አለ፣ ያንን ቦታ መሙላት ግን እሷን መግደል ነው።

የተቆረጠ ዛፍም እንዲሁ ነው። ቅርንጫፉና ቅጠሉ ጭድ ነው፤ ተንጨባሮ ይቆማል፣ መሐሉ አየር ነው፣ ካሶኒውን (የመኪናውን የጭነት ሣጥን) ገና ሳይከብድ ይሞላዋል። ግንዲላው ጤፍ ነው፤ ካሶኒው ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ የመኪናው አቅም ያልቃል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ዓይናችን የሚለካው ስፋትን ነው። ባዶ ቦታ ስናይ “ገና አልሞላም” እንላለን፤ ጫኙም ባለቤቱም ጉዞ ለመቆጠብ ሲሉ ግንዲላ ይደርባሉ። መኪናው ይነሣል፣ ሜዳ ላይም ይሄዳል። ችግሩ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲረገጥ ነው።

ግንዲላ ስንት ይመዝናል?

ያለ ሚዛን ማወቅ ይቻላል። የሚያስፈልገው ሜትርና የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። የግንዲላውን ወርድ ከዳር እስከ ዳር ለክተው ግማሹን ይውሰዱ፤ ግማሹን በራሱ ያባዙ፤ ውጤቱን በ3.14፣ ከዚያም በርዝመቱ ያባዙ። ሁሉንም በሜትር ከለኩ የሚያገኙት ሜትር ኩብ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ በአንድ ሜትር ኩብ ቢያንስ አንድ ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ይመዝናል፤ ለጥንቃቄ 11 ኩንታል አድርገው ያስቡት።

ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ግንዲላ 0.21 ሜትር ኩብ ነው፤ ከ2 ኩንታል ትንሽ ይበልጣል። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ርዝመቱ ግን ያው 3 ሜትር የሆነ ግንዲላስ? ብዙ ሰው እጥፍ ይሆናል ብሎ ይገምታል። አራት እጥፍ ነው፤ 0.85 ሜትር ኩብ፣ ከ9 ኩንታል በላይ። ወርድ በእጥፍ ሲያድግ ክብደት በአራት እጥፍ ያድጋል። በዚህ ሥራ ላይ ከማንኛውም ሌላ ቁጥር በፊት በቃል መያዝ ያለበት ይህ ነው።

የክብደቱ ምክንያት በምዕራፍ 3 የተነጋገርንበት ውኃ ነው። ከሥር ወደ ቅጠል ሲጓዝ ያየነው ውኃ ዛፉ በተቆረጠበት ቀን አሁንም ግንዱ ውስጥ ነው፤ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ክብደት ከሲሶ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ከፈቀዱና ግቢው ቦታ ካለው፣ ግንዱን ቆራርጦ ለጥቂት ሳምንታት በበጋ ፀሐይ መተው ጭነቱን በነፃ ያቀልለዋል። ጽድ ከባሕር ዛፍ ቀለል ይላል። እንደ ልደታ ማርያም ባሉ አድባራት ቅጥር የምናውቀው ወይራ ግን ከባሕር ዛፍም ይብሳል።

ሒሳባችን በባሕር ዛፍ ላይ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከተማ ሆና የቀረችው በዚህ ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ ሲያልቅ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመነጨው፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ በፍጥነት ሲያድግ ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ዛሬ በየግቢው ጣሪያ ላይ ያዘነበሉት ግንዶች ያ ውለታ ያስከተላቸው ናቸው። ግርጌው ላይ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 25 ሜትር የሆነ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ወደ ላይ መቅጠኑን አስበንለት እንኳ፣ 2 ሜትር ኩብ ያህል ግንድ ይሰጣል። ከ20 ኩንታል በላይ ነው፤ ከአንድ ዛፍ፣ ያለ ቅርንጫፉ።

ከሊብሬው ላይ የሚቀነሰው

የመኪናው የመጫን አቅም ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ያ ቁጥር ለእንጨት ብቻ የተሰጠ አይደለም። በግምት አንድ ምሳሌ እንሥራ። ከነጭነቱ 70 ኩንታል የተፈቀደለት፣ ባዶው 35 ኩንታል የሚመዝን አነስተኛ የጭነት መኪና አለን እንበል። ለጭነት 35 ቀረ። ከዚህ ላይ ሾፌሩንና ሁለት ሠራተኞችን፣ መጋዞቹን፣ ቤንዚኑን፣ ገመዱንና መሰላሉን፣ ቅርንጫፍ እንዲይዝ ተብሎ በኋላ የተበየደውን የብረት ከለላ ሲቀንሱ 5 ኩንታል ይሄዳል። ለዛፉ የቀረው 30 ነው።

አሁን ካሶኒው 4.5 ሜትር በ2 ሜትር ነው እንበል፤ ከለላውም 2 ሜትር ከፍታ ይኑረው። ይዘቱ 18 ሜትር ኩብ ነው። በቅርንጫፍ ጢም ብሎ ቢሞላ 20 ኩንታል እንኳ ላይደርስ ይችላል፤ መኪናው በደህና ይሄዳል። ያንኑ ካሶኒ በግንዲላ ቢሞሉት፣ በግንዲላዎቹ መካከል የሚቀረውን ክፍተት አስበን እንኳ፣ ከ100 ኩንታል በላይ ይሆናል። ከተፈቀደው ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። 30 ኩንታል የሚሞላው ግንዲላው ግማሽ ሜትር ያህል ሲደረደር ነው። ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው፦ የራስዎን መኪና በዚህ መንገድ አስልተው በካሶኒው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን ቀይ መስመር ያስቀቡ። ግንዲላ ከመስመሩ በላይ አይወጣም፤ ከመስመሩ በላይ መሙላት የሚቻለው ጭነቱ ቅርንጫፍ ብቻ ሲሆን ነው። ይህን ያደረገ ቡድን ሲመሽና ሲቸኩል አይሳሳትም፤ ለክርክርም ቦታ የለውም።

ቅያሱና ሽቦው

አቅም ከሆነ ቁም ነገሩ ለምን ትልቅ መኪና አንገዛም? ቶሎ የሚመጣው መልስ ይህ ነው፤ ለልደታ ግን አይሆንም። ኤፍኤስአር ብዙ ይጭናል፤ ሲኖትራክ ደግሞ ዛፉን ከነግቢው የሚጭን ይመስላል። ግን ኮብልስቶን በተነጠፈ ጠባብ ቅያስ ገብቶ፣ አንዱ ቤት በር ላይ ከቆመች ታክሲ ጎን አልፎ፣ ዞሮ መውጣት አለበት። ካልገባ ግንዲላው ከግቢ እስከ ዋናው መንገድ በሰው ትከሻ ይወጣል፤ ያ ድካም ትልቁ መኪና ያተረፈውን ጉዞ ሁሉ ይበላዋል። በዋና መንገዶች ላይም ከባድ የጭነት መኪናዎች በቀን እንዳይንቀሳቀሱ የሰዓት ገደብ አለ፤ የእኛ ሥራ ደግሞ የቀን ሥራ ነው። ገደቡ የትኛውን መኪና እንደሚመለከት ከመግዛትዎ በፊት ከትራፊክ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ የሾፌርዎ መንጃ ፈቃድ ደረጃም ለመኪናው መብቃቱን ያረጋግጡ።

ፒካፕ በተቃራኒው የትም ይገባል። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ያለው አንድ ቶን ገደማ ይጭናል። ለመከርከም ሥራ፣ ለጽጌረዳና ለአጥር ዛፍ፣ በጣም ጥሩ ነው። የቅድሙን ባሕር ዛፍ ግን ለማውጣት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ነዳጁንና የሜክሲኮ አደባባይን መጨናነቅ ያስቡት። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ልደታን ለመሰለ ሰፈር፣ ግንድ ለሚያወርድ ቡድን፣ የኤንፒአር መጠን ያለው መኪና ይስማማል። ወደ ቅያስ ይገባል፣ አንድ መካከለኛ ዛፍ በአንድ ጉዞ ያወጣል፣ መለዋወጫውም ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ ሶማሌ ተራ ይገኛል። መኪና በቆመበት ቀን ገቢ የለምና ይህ የመጨረሻው ነጥብ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ገልባጭ ይሁን ወይ? ጫኝና አውራጅ ሳይጠሩ ማራገፍ ያጓጓል። ማንሻው ራሱ ግን ብዙ ኪሎ ብረት ነው፤ ክብደቱ በቀጥታ ከ30ው ኩንታል ላይ ይቀነሳል። ለመጀመሪያ መኪና አልመክረውም።

ከመኪናው ቁመት በላይ ያለውም ጉዳይ አለ። በየመንገዱ በእንጨትና በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ከሚያልፉት መስመሮች አንዳንዶቹ 15 ሺህ ቮልት ይይዛሉ፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በልደታ የሚያልፈው የቀላል ባቡር ሽቦ ደግሞ 750 ቮልት። ክምሩ ከፍ ባለ መጠን ወደ እነዚህ ይቀርባል። ሰው፣ መሰላል፣ እርጥብ ቅርንጫፍ ከከፍተኛ መስመር 3 ሜትር ውስጥ መግባት የለበትም፤ ዛፉ ራሱ በዚያ ርቀት ውስጥ ከሆነ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመሩን እስኪያጠፋ ሥራው አይጀመርም። ለአንድ ቀን ገቢ ብሎ ይህን የሚዘል ቡድን በሰው ሕይወት እየተጫወተ ነው።

መፍጫ ማሽን ለእኛ ያስፈልገናል?

በውጭ አገር የዛፍ ሠራተኞች መኪና ስናይ ከኋላው ቅርንጫፍ የሚፈጭ ማሽን ይጎትታል። ሥራው ከቅርንጫፉ መሐል አየሩን ማውጣት ነው፤ ክምሩን ብዙ እጥፍ ያሳንሰዋል። ጭዱን ወደ ጤፍ ይቀይረዋል ማለት ነው፤ ከነአደጋው። እርጥብ የተፈጨ እንጨት በአንድ ሜትር ኩብ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የቅድሙ 18 ሜትር ኩብ ካሶኒ በዚህ ቢሞላ 60 ኩንታል ያህል ነው፤ ከአቅሙ እጥፍ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የመኪና ፈተና ያለፈ ሰው በተራ መንጃ ፈቃዱ ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ የነዳጅ መኪና መንዳት አይፈቀድለትም። በዚህ የተነሣ ብዙ የዛፍ ሠራተኞች አነስተኛ መኪና ይዘው የፈጩትን ይሞሉበታል፤ ከክብደት በላይ መጫንም የሙያው የታወቀ ችግር ሆኗል።

እኛ ዘንድ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። እዚያ ቅርንጫፍ ቆሻሻ ነው፤ ለመጣል ይከፈላል። እዚህ ቅጠልና ጭራሮ የእንጀራ ምጣድ ማገዶ ነው። ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ይህን አይዘነጋም። ግንዱ ፍልጥ ይሆናል፤ ቀጥ ያለውና ቀጭኑ ክፍል አጠና ሆኖ ለግንባታ ይሸጣል። ማሽኑ በውድ የሚፈጨው ነገር በሰፈሩ ፈላጊ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ዓመታት መፍጫ አይግዙ። በምትኩ ጥሩ ገመድና መወጠሪያ ይግዙ፤ ቅርንጫፉን ግርጌውን ወደ አንድ ወገን አድርገው ሲደረድሩና ሲረግጡ፣ ከዚያም አጥብቀው ሲያስሩ፣ ከአየሩ ብዙው ይወጣል። አጠና የሚሆነውን አይቆራርጡ፤ ከካሶኒው ከወጣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስሩ።

መጋዝና ከፍታ

የሞተር መጋዝ ሲመርጡ የሻጩ ወረቀት የሚነግርዎት ኃይል በባሕር ጠለል አካባቢ የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቃጥሎ ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ወረቀቱ “ለዚህ ወርድ ይበቃል” ከሚለው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይውሰዱ፤ ካርቡራተሩንም ለከፍታው ያስተካክሉት። ለመኪናውም ይኸው ነው፤ ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን በግድ ስለሚያስገባ ከሌለው ይልቅ እዚህ ይሻላል።

ሁለት መጋዝ ያስፈልጋል፤ አንድ ቀላል ለቅርንጫፍ፣ አንድ ጉልበተኛ ለግንድ። ስቲልም ሁስክቫርናም ጥሩ ይሠራሉ፤ የሚወስነው ሰንሰለቱንና መለዋወጫውን ከተማ ውስጥ ማግኘትዎ ነው። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ለዘመናዊዎቹ የተለመደው ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ የሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው፤ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር። በዓይን ግምት የሚቀላቅል ሰው መጋዙን በወራት ይገድለዋል። ስለ ራስ ቁር፣ ስለ ዓይንና ጆሮ መከላከያ፣ ሰንሰለት ስለሚያቆመው የእግር መከላከያ በምዕራፍ 6 ያልኩትን አልደግምም፤ ገንዘብ ቢያጥርዎ ግን ከመኪናው ይቀንሱ እንጂ ከዚህ አይቀንሱ።

የመጋዙ ዋና ሥራ ደግሞ ወደ ክብደት ይመልሰናል፤ ግንዱን ሰው በሚችለው መጠን መቁረጥ። የካሶኒው ወለል ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነውን በሜትር ቢቆርጡት 80 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ለሁለት ሰው ይሆናል። 50 የሆነውን ግን 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ አድርገው ይቁረጡት፤ 65 ኪሎ ግራም ገደማ ይመጣል። ከዚያ የወፈረውን ጠንካራ ጣውላ ዘርግቶ በማንከባለል መጫን ይሻላል። ሰውን በቅርጫት የሚያነሣ ክሬን መግዛት አያስፈልግም፤ በዓመት ለጥቂት ዛፎች ነውና በቀን መከራየት ይበቃል።

ከመፈረምዎ በፊት

ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ መተመን ስለጀመረ የመኪና ዋጋ እዚህ ብጽፍ መጽሐፉ እጅዎ ሳይገባ ያረጃል። ስለ ያገለገለ መኪና ግን የማያረጅ ነገር ልንገርዎ። ድንጋይና አሸዋ ሲጭን የኖረ መኪና ታሪኩ ከታች ተጽፏል። ጎንበስ ብለው ባሌስትራውን ይዩ፤ የተሰነጠቀ ወይም ተጨማሪ ንጣፍ የተደረበበት ከሆነ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ኖሯል። ቻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በእጅዎ ይዳስሱ፤ የብየዳ ጠባሳ ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ። ፍሬኑን ባዶውን ብቻ አይሞክሩ፤ ጭነት አስጭነው፣ ቁልቁለት ላይ፣ ከሚያምኑት መካኒክ ጋር ይሞክሩ። ቦሎ መኖሩ ብቻውን አያሳርፍዎ።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። መኪናውን ከነመሣሪያው፣ ከነነዳጁ፣ ከነሠራተኞቹ ወደ ምድር ሚዛን ወስደው ያስመዝኑት፤ ከተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ላይ ቀንሰው የቀረውን ኩንታል ካቢናው ውስጥ ሾፌሩ ፊት ለፊት ይጻፉት። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ይክፈሉ።